ጀርሙ ራሱ የሚከፍተው መድኃኒት

1. ክኒን የሰለቸው ገበሬ

እስቲ አንድ ገበሬ እናስብ። ይህ ገበሬ ለወር ያህል ሳለ። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀው ጀመር። ምግብ አስጠላው፤ ከሳ። ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ እንደያዘው ታወቀ። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት። ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ እንዲውጥም ተነገረው።

ሁለት ወር እንደዋጠ ሳሉ ጠፋ። ላቡ ቆመ። እህል ተስማማው፤ ጉልበቱም ተመለሰ። የአጨዳውም ወራት ደረሰ። ሥራው በዛበት፤ ክኒኑም ሰለቸው። አንድ ቀን ቤቱ ድረስ እየመጣች የምትጠይቀውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዲህ አላት፤

«ልጄ፣ እኔ እንግዲህ ድኛለሁ። ይህን ክኒን ለታመመ ሰው ስጪው።»

«አባባ፣ ተሽሎዎታል እንጂ አልዳኑም። ጀርሙ ገና አላለቀም።»

«ካላለቀ ታዲያ ለምን አያመኝም?»

«የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ተኝተዋል።»

«የተኛ ጠላት ምን ያደርገኛል?»

«አባባ፣ የተኛ ይነሣል።»

መልሷ አጭር ነው፤ ግን እውነት ነው። እውነትነቱን በደንብ ለመረዳት ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ገበሬው ከሚውጣቸው መድኃኒቶች አንዱ በጣም የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። ሲዋጥ ኃይሉ የተዘጋ ነው። የሚከፍተው ሐኪሙ አይደለም፤ በሽተኛውም አይደለም። የሚከፍተው ጀርሙ ራሱ ነው። ከፍቶም ይሞትበታል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? እንመልከት።

2. ጠላትን ማወቅ

የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ብርድ አይደለም። እርግማንም አይደለም። በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ይህን ጀርም አግኝቶ ለዓለም ያሳወቀው ሮበርት ኮክ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1882 ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀርሙ እጅግ ትንሽ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጀርሞች ጫፍና ጫፍ ቢቀጣጠሉ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ርዝመት ቢሆኑ ነው። ትንሽ ቢሆንም ጉዳቱ ትልቅ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2023 ዓመት ብቻ በመላው ዓለም 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ በሽታ ታመዋል። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችም ሞተዋል።

በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። በሽተኛው ሲስል ጀርሙ ከአፉ ወጥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ አብሮ የሚኖር ሰው ያንን አየር ይተነፍሳል። ጀርሙም በዚያው ወደ ሳንባው ይገባል።

የነቀርሳን ጀርም ከብዙ ጀርሞች የሚለዩት ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ልብሱ ነው። እረኛ በክረምት ገሳ ይለብሳል። ዝናቡ በገሳው ላይ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። የነቀርሳም ጀርም እንደ ገሳ የሚከልለው ልብስ አለው። ልብሱ ሰም የመሰለ ቅባት ነው። ብዙ መድኃኒት ይህን ሰም አልፎ መግባት አይችልም።

ሁለተኛው ዝግታው ነው። ሌሎች ጀርሞች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተከፍለው አንዱ ሁለት ይሆናል። የነቀርሳ ጀርም ግን ለዚህ አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል። አንዳንዱም ሳይከፈልና ሳያድግ ለረጅም ጊዜ አድብቶ ይቀመጣል። የጤና ሠራተኛዋ «ተኝተዋል» ያለችው እነዚህን ነው።

3. መርዝ ለጀርሙ፣ ደኅንነት ለሰው

ጀርምን የሚገድል ነገር ማግኘት ብዙ አያስቸግርም። እሳት ይገድለዋል። የፈላ ውሃ ይገድለዋል። ችግሩ ጀርሙ ያለው በሰው ሳንባ ውስጥ መሆኑ ነው። ጀርሙን ገድሎ ሰውየውን የማይጎዳ ነገር ማግኘት ነው አስቸጋሪው።

ኮሶ የጠጣ ሰው ይህን ያውቃል። ኮሶ ትሉን ያስወጣል። ነገር ግን የጠጪውንም ሆድ ያምሰዋል፤ ጉልበቱን ያርደዋል። ኮሶው ትሉንና ሰውየውን ለይቶ አያውቅም።

ታዲያ ጠላትን ከወዳጅ የሚለይ መድኃኒት እንዴት ይገኛል? አንዱ ዘዴ የሰንጢ ዘዴ ነው።

ሰንጢ ሲዘጋ ስለቱ እጀታው ውስጥ ይገባል። በኪስ ቢይዙት አይቆርጥም። ልጅ ቢነካውም አይጎዳውም። ሲከፈት ግን ያርዳል። አሁን አንድ ሌባ የተዘጋ ሰንጢ ሰረቀ እንበል። ቤቱም ገብቶ በገዛ እጁ ከፈተው። ሰንጢውም የሌባውን እጅ ቆረጠው። ሰንጢው በባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሳለ ማንንም አልጎዳም። የጎዳው የከፈተውን ነው።

አንዳንድ መድኃኒት የሚሠራው እንዲህ ነው። በሰው ሆድና ደም ውስጥ ሲያልፍ እንደተዘጋ ሰንጢ ነው። ጀርሙ ውስጥ ሲገባ ግን የጀርሙ የራሱ መሣሪያ ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ስለቱ ይወጣና ጀርሙን ይወጋዋል።

4. አይሶኒያዚድ እንዴት ይሠራል?

የነቀርሳ በሽተኛ ከሚውጣቸው መድኃኒቶች አንዱ አይሶኒያዚድ ይባላል። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተቀይጦ በአንድ ክኒን ውስጥ ይሰጣል።

ሥራውን ለመረዳት አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ጠላ ስንጠምቅ ብቅል እንጨምራለን። ብቅሉ የእህሉን ዱቄትነት ወደ ጣፋጭነት ይለውጠዋል። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው በብቅሉ ውስጥ ያለ ኤንዛይም የሚባል ነገር ነው። ኤንዛይም አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ትንሽ ሠራተኛ ማለት ነው። በሰውም፣ በከብትም፣ በእህልም፣ በጀርምም ውስጥ ብዙ ዓይነት ኤንዛይሞች አሉ። እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው።

የነቀርሳ ጀርም ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሰውነታችን ወታደሮች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሶች ይውጡታል። ከዋጡት በኋላ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል የሚያቃጥል ነገር ይለቁበታል። ይህ ነገር ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ጀርሙ ግን ዝም ብሎ አይቃጠልም። ካታሌዝ የሚባል ኤንዛይም አለው። ካታሌዙ የሚያቃጥለውን ነገር ወደ ውሃና ወደ አየር ይለውጠዋል። ስለዚህ ካታሌዝ ለጀርሙ ጋሻው ነው።

እንግዲህ አይሶኒያዚድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ በደም አድርጎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በጣም ደቃቅ ስለሆነ የጀርሙን ልብስ አልፎ ይገባል። እስከዚህ ድረስ እንደተዘጋ ነው። የጀርሙ ካታሌዝ ግን ሲያገኘው ይከፍተዋል። የተከፈተው መድኃኒት ጀርሙ ውስጥ ካለ ሌላ ቅንጣት ጋር ይጣበቃል። ሁለቱ ተጣብቀው ሰሙን ከሚሠሩት ኤንዛይሞች አንዱን ጠርቅመው ይይዙታል። ኤንዛይሙ ከተያዘ ሰም አይሠራም። ሰም ከሌለ ልብሱ ይቀዳደዳል። ልብሱ የተቀዳደደ ጀርም ይፈነዳል፤ ይሞታል።

ነገሩ የሚገርም ነው። ጀርሙን የገደለው የገዛ ጋሻው ነው።

በሰው ሰውነትም ውስጥ ካታሌዝ አለ። ነገር ግን የእኛ ካታሌዝ አሠራሩ ከጀርሙ የተለየ ስለሆነ ይህን ሰንጢ እንደ ጀርሙ አይከፍትም። ሰውም የሰም ልብስ አይሠራም። ስለዚህ መድኃኒቱ ጀርሙን ሲገድል ሰውን በዚያው ልክ አይጎዳም።

ይህ ማለት ግን ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ጉበታችን መድኃኒቱን ሰባብሮ ያስወግዳል። በአንዳንድ ሰው ላይ ስብርባሪው ጉበቱን ያሳምማል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ትውከት ከበዛ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። እጅና እግርን የሚጠዘጥዝ ከሆነም መናገር ይገባል፤ ለእርሱ ቪታሚን ይሰጣል። መድኃኒቱ እየተወሰደ አረቄና ጠጅ መጠጣት ጉበትን ይበልጥ ስለሚጎዳ መተው ነው።

5. አርባ ዓመት የተረሳ መድኃኒት

የአይሶኒያዚድ ታሪክ ለብቻው ትምህርት ነው።

በ1912 ሃንስ ማየርና ዮሴፍ ማሊ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በፕራግ ከተማ ይህን ነገር ቀምመው ሠሩት። የሠሩት ለትምህርታቸው ነበር። ለበሽታ እንደሚሆን አላወቁም። አሠራሩን ጽፈው ተዉት። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ከተሞች የሳንባ ነቀርሳ ሽማግሌውንም ወጣቱንም ይጨርስ ነበር። መድኃኒቱ በጽሑፍ ተቀምጦ ሳለ ሕዝብ ያልቅ ነበር ማለት ነው።

በ1951 እና በ1952 ሦስት የመድኃኒት ፋብሪካዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ይህ ነገር የነቀርሳን ጀርም እንደሚገድል ደረሱበት። እነርሱም የጀርመኑ ባየር፣ ሆፍማን ላ ሮሽና የአሜሪካው ስኩዊብ ነበሩ። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሲ ቪው በሚባል ሆስፒታል ተስፋ የተቆረጠባቸው በሽተኞች ይህን ክኒን ዋጡ። ትኩሳታቸው በረደ። ምግብ በሉ፤ ወፈሩ። ከአልጋ መነሣት ያልቻሉት ቆመው ሲሄዱ ታዩ። ወሬውም በ1952 በዓለም ተሰማ። ይህ በእኛ አቆጣጠር 1944 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንደሚሠራ ታወቀ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አልታወቀም። የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በ1954 ነው። ሚድልብሩክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አይሶኒያዚድ የማይገድላቸውን የነቀርሳ ጀርሞች መረመረ። ብዙዎቹ ካታሌዝ የሌላቸው ሆነው አገኛቸው። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነ። ጋሻውን የጣለ ጀርም እንዴት ከመድኃኒት ይተርፋል?

እንቆቅልሹ የተፈታው በ1992 ነው። ዪንግ ዣንግ የተባለ ተመራማሪና ጓደኞቹ ካታሌዝን የሚያሠራውን የጀርሙን የዘር ቅንጣት ለይተው አወጡት። ይህ ቅንጣት ለሌለው ጀርም መልሰው ሲሰጡት ጀርሙ እንደገና በአይሶኒያዚድ የሚሞት ሆነ። በዚህም ሰንጢውን የሚከፍተው እጅ ካታሌዝ መሆኑ ተረጋገጠ። ካታሌዝ የሌለው ጀርም የሚተርፈው ሰንጢውን የሚከፍት እጅ ስለሌለው ነው። የተዘጋ ሰንጢ ደግሞ አይቆርጥም።

መድኃኒቱ ከተሠራ እስከዚያ ቀን 80 ዓመት አልፎ ነበር።

6. የማይከፍት ጀርም

አሁን ወደ ገበሬያችን ጥያቄ ቀርበናል።

ጀርም ሲራባ አልፎ አልፎ ከዘሩ የሚለይ ይወለዳል። ከነጭ ጤፍ መካከል ቀይ ብቅ እንደሚል ማለት ነው። ከአንድ ሚሊዮን የነቀርሳ ጀርሞች መካከል በግምት አንዱ አይሶኒያዚድ የማይገድለው ሆኖ ይገኛል። አንድ በሚሊዮን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በበሽታ በተቦረቦረ ሳንባ ውስጥ እስከ መቶ ሚሊዮን ጀርም ሊኖር ይችላል። እስቲ እናስላው። መቶ ሚሊዮን ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል መቶ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ገና አንዲት ክኒን ሳይውጥ መድኃኒቱን የማይፈሩ መቶ ያህል ጀርሞች በሳንባው ውስጥ አሉ ማለት ነው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካታሌዛቸውን ጨርሰው የጣሉ ናቸው። ሌሎቹ ግን የባሱ ናቸው። ካታሌዛቸው በጥቂቱ ብቻ ይለወጣል። የሚያቃጥለውን ነገር መከላከል አልተሳነውም፤ ሰንጢውን መክፈት ግን ይሳነዋል። ጋሻውን ይዞ ከሞት የሚያመልጥ ጀርም ይህ ነው። ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ እየተላለፈ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ይኸው ዓይነት ነው።

በሽተኛው አይሶኒያዚድን ብቻውን ቢውጥ ምን ይሆናል? የሚከፍቱት ሁሉ ይሞታሉ። ሳሉ ይቀንሳል። በሽተኛው ዳንሁ ይላል። የማይከፍቱት መቶዎች ግን ሜዳው ይለቀቅላቸዋል። ተራብተው ሳንባውን መልሰው ይሞሉታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህ በእርግጥ ደርሷል። መድኃኒቱን ብቻውን የወሰዱ ብዙ በሽተኞች ከተሻላቸው በኋላ በሽታው ተመልሶባቸዋል። በሁለተኛውም ጊዜ ክኒኑ አልሠራላቸውም።

7. ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

ከዚህ የተነሣ ሐኪሞች መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠት ጀመሩ። ዛሬ የተለመደው ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች አራት መድኃኒት፣ በቀጣዮቹ አራት ወሮች ሁለት መድኃኒት መስጠት ነው። አራቱም አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይባላሉ። ስሞቹ ይከብዳሉ፤ ሥራቸው ግን ይገባል።

ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ነው። ይህ አያስደነግጥም። ሪፋምፒሲን የተዘጋ ሰንጢ አይደለም፤ እንደተከፈተ ይገባል። አይሶኒያዚድ የሳተውን ጀርም እርሱ ያገኘዋል። ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያመልጥ ጀርም እጅግ ብርቅ ነው።

ፒራዚናማይድ ግን እንደ አይሶኒያዚድ የተዘጋ ሰንጢ ነው። የሚከፍተው ግን ሌላ የጀርሙ ኤንዛይም ነው። የትኛው የዘር ቅንጣት እንደሚያሠራው በ1996 ታውቋል። የፒራዚናማይድ ትልቁ ጥቅም የተኙትን ጀርሞች ማግኘቱ ነው። አይሶኒያዚድ የሚገድለው በተለይ የሚያድጉትንና ልብስ የሚሠሩትን ነው። የተኛ ጀርም አዲስ ልብስ ስለማይሠራ አይሶኒያዚድ ብዙም አያገኘውም።

ታዲያ ስድስት ወር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የነቁት ጀርሞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች በብዛት ያልቃሉ። ሳሉ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። የተኙት ግን አንድ በአንድ ሲነቁ እየተጠበቁ ነው የሚገደሉት። አረም ያረመ ገበሬ ይህን ያውቃል። ቅጠሉን ቆርጦ ሥሩን የተወ፣ ማሳው ለጊዜው ንጹሕ ይመስለዋል። ዝናብ ሲመጣ ግን አረሙ ተመልሶ ይበቅላል።

ክኒኑን አንድ ቀን መዋጥ፣ አንድ ቀን መተው፣ ወይም በሁለት ወር ማቆም ለጀርሙ ፋታ መስጠት ነው። በዚህ ፋታ የማይከፍቱት ጀርሞች ይራባሉ። ሰውየውም ሲስል ለሚስቱና ለልጆቹ የሚያስተላልፈው እነዚህኑ ይሆናል። ልጁ ከመጀመሪያውም መድኃኒት በማይበግረው ጀርም ይያዛል ማለት ነው።

8. ሰንጢውን መቅረጽ

አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ የተዘጉ ሰንጢዎች መሆናቸው የታወቀው ከተሠሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ግን ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን መድኃኒት አስበው ይቀርጹታል። አንጥረኛ ማጭዱን ሲቀጠቅጥ ለምን ሥራ እንደሚሆን አውቆ ነው። እነርሱም እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚከተሏቸው ደንቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ እጁን መምረጥ ነው። በጀርሙ ውስጥ ያለ፣ በሰው ውስጥ ግን የሌለ ኤንዛይም ይፈለጋል።

ሁለተኛ፣ እጀታውን ማጥበቅ ነው። መድኃኒቱ በጨጓራ፣ በደምና በጉበት ውስጥ ሲያልፍ እንዳይከፈት መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ መግቢያውን ማሰብ ነው። የተዘጋው መድኃኒት የሰሙን ልብስ አልፎ መግባት አለበት። ከተከፈተ በኋላ ግን በቀላሉ የማይወጣ ቢሆን ይመረጣል። ያን ጊዜ በጀርሙ ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል።

አራተኛ፣ እጁ ለጀርሙ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ማየት ነው። ጀርሙ እጁን ጥሎ መኖር ከቻለ ቶሎ ይጥለዋል። ያለዚያ እጅ መኖር የማይችል ከሆነ ግን ማምለጫው ይጠብበታል። ወይም አንዱ ቢጎድል ሌላው እንዲከፍተው ሆኖ በሁለት እጅ የሚከፈት ሰንጢ ይሠራል።

አምስተኛ፣ መፈተን ነው። መጀመሪያ በብርጭቆ ውስጥ፣ ቀጥሎ በእንስሳት፣ በመጨረሻም ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ይፈተናል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። ለምሳሌ ፕሪቶማኒድ የሚባለውን መድኃኒት እንውሰድ። እርሱም የተዘጋ ሰንጢ ነው። የነቀርሳ ጀርም ውስጥ ያለ ኤንዛይም ሲከፍተው ጀርሙን የሚመርዝ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል አየር ይለቃል። የሰሙንም ሥራ ያበላሻል። ስለዚህ መድኃኒት መጀመሪያ የተጻፈው በ2000 ነው። በአሜሪካ እንዲሰጥ የተፈቀደው በ2019 ነው። 19 ዓመት ማለት ነው።

ድካሙ ግን ከንቱ አልሆነም። በደቡብ አፍሪካ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ነቀርሳ የያዛቸው 109 ሰዎች ፕሪቶማኒድን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ለስድስት ወር ያህል ወሰዱ። ከ109ኙ መካከል 98ቱ ጥሩ ውጤት አገኙ። ይህ በ2020 ታትሞ ወጣ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለው በሽተኛ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ይታከም ነበር። ከመርፌውም የተነሣ ጆሮው የሚደነቁር ነበር። ብዙውም ይሞት ነበር። በእርግጥ አዲሱም መድኃኒት ከጉዳት ነጻ አይደለም፤ ሐኪም ሳይከታተል አይወሰድም።

ሌላም ብልሃት አለ። ኢትዮናማይድ የሚባል የቆየ መድኃኒት አለ። እርሱንም ጀርሙ ራሱ ይከፍተዋል። ነገር ግን ጀርሙ ውስጥ ዘበኛ የሚመስል ነገር አለ። ዘበኛው የሚከፍተው ኤንዛይም በብዛት እንዳይሠራ ይከለክላል። ስለዚህ ብዙ መድኃኒት መስጠት ግድ ይሆናል፤ ሲበዛም በሽተኛውን ያስመልሰዋል። ሊል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዘበኛውን ከሥራው የሚያስለቅቅ ረዳት መድኃኒት ሠርተው በ2009 አሳወቁ። ዘበኛው ሲለቅ ኤንዛይሙ ይበዛል። ጥቂቱ መድኃኒት ብዙ ይሠራል። ከዚህ ሐሳብ የተወለደ መድኃኒት በሰው ላይ መፈተን ጀምሯል።

የሰንጢው ዘዴ ለነቀርሳ ብቻ አይደለም። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞል ብዙ ሰው ያውቀዋል። እርሱም የተዘጋ ነው። የሚከፈተው ያለ አየር በሚኖሩ ጀርሞች ውስጥ ነው። የሰው ሰውነት በአየር የሚኖር ስለሆነ መድኃኒቱ በአብዛኛው እንደተዘጋ ያልፋል።

9. የገበሬው ድርሻ

እንግዲህ መድኃኒቱን የቀረጹት ሊቃውንት የበኩላቸውን ሠርተዋል። ክኒኑን ያመጣችው የጤና ሠራተኛ የበኩሏን ሠርታለች። የቀረው የበሽተኛው ድርሻ ነው። የትም አገር፣ የቱም ሊቅ፣ ለመዋጥ የተተወን ክኒን ሊያሠራው አይችልም።

ድርሻውም ይህ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ሳይደብቅ አክታውን ያስመርምር። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ክኒኑን በየቀኑ፣ በተባለው ልክ፣ የጤና ሠራተኛዋ በቃ እስክትል ድረስ ይዋጥ። ቢረሳ ወይም ቢያመው አይፈር፤ ይናገር። ክኒኑን ለሌላ አያካፍል። የቤቱን መስኮትና በር እየከፈተ አየር ያስገባ። አብረውት የሚኖሩትንም ያስመርምር።

ያ ገበሬ በመጨረሻ ምን አደረገ እንበል? የጤና ሠራተኛዋ የሰንጢውን ነገር አስረዳችው። እርሱም ጥቂት አሰበና እንዲህ አላት፤

«እንዲያ ከሆነማ ልጄ፣ እኔ ሰንጢውን ሳቋርጥ የሚደርሰው ለማይከፍተው ነው።»

«አዎ አባባ። እርሱም ለልጅ ልጅዎ ይተርፋል።»

«እንግዲያስ አጨዳ ስሄድ ክኒኑን ከማጭዱ ጋር እይዘዋለሁ።»

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በምን መንገድ ነው?
2. አይሶኒያዚድ በተዘጋ ሰንጢ የተመሰለው ለምንድን ነው? ሰንጢውን የሚከፍተውስ ማን ነው?
3. አንዳንድ ጀርም በአይሶኒያዚድ የማይሞተው ለምንድን ነው?
4. በሽተኛው ከተሻለው በኋላም ክኒኑን መዋጥ የሚገባው ለምንድን ነው?
5. በመንደራችሁ ለረጅም ጊዜ የሚስል ሰው ቢኖር ምን ትመክሩታላችሁ? ተወያዩበት።